ወሎን አሁን የምንቀርጸው እኛ ነን

(ደሴ ላይ ለወጣት ቪዲዮ ሠሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ ዐለይኩም። እናቶችና አባቶች ከፊት ወንበር ላይ በመቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል። የማነሳው ጉዳይ ስልኩን የያዘውን ልጅ ብቻ አይመለከትም፤ ስልኩ የሚዞርበትንም ሰው ይመለከታል።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሌላው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በሚኒባሱ መስኮት ጠመዝማዛውን እያነሳ ይሄዳል። አንዷ እናቷ ቡና ስትቆላ ታነሳለች፣ ሌላዋ የዒድ ዕለት ቤተሰቡ ሲሰበሰብ። ማታ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፤ ጠዋት ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከቤሩት፣ ከዋሽንግተን ኮሜንት ይወርዳል። "አገሬ!" የሚለው አለ። "ያ ሰማያዊ በር የእነ እገሌ አይደለም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ አለ። ምንም ሳይጽፍ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ደርድሮ የሚሄድም አለ።

እኔ ለዓመታት በደሴና በኮምቦልቻ ሠርግ ስቀርጽ የኖርኩ ካሜራማን ነኝ። በካሴት ጀምሬ ሚሞሪ ካርድ ላይ ደርሻለሁ። ሠርግ ቀራጭ የሰው ጓዳ ይገባል። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ አማቶች ሲኮራረፉ፣ ጠጅ የበዛበት አጎት ያልታሰበ ነገር ሲናገር፣ ሁሉም በሌንሱ ያልፋል። ሲዲው ከመታተሙ በፊት ግን ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ "እቺን አውጣልን" ይላል፤ አወጣለሁ። ዛሬ ከስልክ በቀጥታ በሚለቀቀው ቪዲዮ ላይ ያቺ "አውጣልን" የሚባልባት ሰዓት የለችም። የቀረጸው ልጅ ራሱ ቀራጭ፣ ራሱ ኤዲተር፣ ራሱ አሠራጭ ሆኗል፤ እናትየው ቪዲዮውን የምታየው ጎረቤት ሲነግራት ነው።

ስለዚህ ልላችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የቪዲዮው ባለቤት የቀረጸው ሰው ብቻ አይደለም፤ ፊቱ የገባበትም ሰው ነው። ያ ሰው ድርሻውን የሚያገኘው ደግሞ ከመለቀቁ በፊት ሲጠየቅ ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ ወሎዬ ሊረዳው ይገባል እላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ትልልቆቻችን ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ተሸፍኖ የነበረው እልቂት ያኔ ዓለም ፊት ወጣ፣ እርዳታም መጣ። ዓመት ሳይሞላ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ አስቡት። የወሎ ገበሬ ፊት፣ የወሎ እናት ፊት፣ መጀመሪያ ለእርዳታ መጠየቂያ ሆነ፤ ቀጥሎ ለመንግሥት ማውረጃ ሆነ። ሁለቱም ጊዜ ባለፊቱ አልተጠየቀም።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ እና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ዘገባ ተላለፈ። ጎህ ሲቀድ የተቀረጸ ነው፤ በብርድ የቆረፈደ ሜዳ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሰዎች፣ ለቅሶ። ያ ዘገባ በመላው ዓለም ዞረ። ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ በአንድ ቀን የተደረገው፣ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቁ የሙዚቃ ዝግጅት የተወለደው ከዚያ ነው።

እነዚያን ሰዎች አልወቅስም። መሐመድ አሚን ካሜራውን ባያነሳ ኖሮ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሌለ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። በሙያዬም አከብረዋለሁ። ግን እንደ ካሜራማን እነዚያን ምስሎች ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። ያቺ ልጇን የታቀፈች ሴት ስሟ ማን ነበር? ከየትኛው ቀበሌ መጣች? ከረሃቡ በፊት ቤቷ ደጅ ምን ይበቅል ነበር? ስትስቅ እንዴት ነበረች? ያ ሁሉ የለም። ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር "ወሎ" ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ስም የለሽ ፊት ብቻ ሆነ። መንዙማው የለም፤ ሰኞ ገበያው የለም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጋብቶ የሚኖርበት ቤት የለም።

አሁን ካሜራው እኛ እጅ ገብቷል። የሸዋ በር ልጅ የሸዋ በርን ይቀርጻል፤ የቧንቧ ውሃ ልጅ የሰፈሩን ይቀርጻል። የሰውየውን ስም ያውቃል፣ የአባቱን ስም ያውቃል፣ ቤቱ ገብቶ ቡና ጠጥቷል። በኮረም ሜዳ ላይ ያለፈ ካሜራማን ያልነበረው ዕድል ይህ ነው። እናም ይህን ዕድል ይዘን ያለ ስም፣ ያለ ፈቃድ የምንቀርጽ ከሆነ በጣም ያሳዝነኛል።

ሩቅ ያለ ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የማውቀው ቤት ነው። ትልቋ ልጅ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወንድሟ ቪዲዮ ይወዳል። ቤቱ በእሷ ገንዘብ ታድሶ ሲያልቅ ልጁ በደንብ ተዘጋጅቶ ቀረጸላት። ሳሎኑን፣ አዲሱን ሶፋ፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃ ሁሉ አስገብቶ ላከላት። ማታ በኢሞ ስትደውል አመሰገነችው። ቀጥላ ግን "ጓዳውን አሳየኝ እስቲ" አለችው።

ስልኩን ይዞ ገባ። ያው የድሮው ጓዳ ነው። ምጣዱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ከጎኑ ሙቀጫው፣ ቢጫዋ ጀሪካን፣ ሚስማር ላይ የእናታቸው የሥራ ነጠላ። እናትየው ከውጭ ሰምተው "ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ጓዳውን አታሳያት፣ ገና አልተጠረገም!" እያሉ እየሮጡ ገቡ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። "ነጠላዋን ቅረብልኝ" አለችው። ቀረበ። ጫፉ ላይ የሽሮ ጠብታ አለ። ለረጅም ጊዜ ያን ብቻ ስታይ ቆየች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ "ተራ ነገር ቅረጹ፣ የሚናፈቀው እሱ ነው" ብዬ አልፌው ነበር፤ እሱም ትክክል ነው። ግን ልጁ ስክሪኑን ሲቀርጽ ነበር። ሳቋን፣ ለቅሶዋን፣ የእናቱን ሩጫ፣ ሁሉን። ቲክቶክ ላይ ቢለቀቅ ሰው እንደሚነካ ገባው፤ እውነትም ይነካል። እናቱን ጠየቃቸው። "ለልጄ ነው ያሳየሁት" አሉት። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ልጁም አልለቀቀውም። ቪዲዮው እስከ ዛሬ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ለእነሱ ከምንም ይበልጥባቸዋል። ይህን የምነግራችሁም እነሱ ፈቅደውልኝ ነው።

ልብ በሉ፣ ምስሉ አንድ ነው። ለልጅ ሲሆን ናፍቆት መወጫ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ሲሆን የአንዲት እናት ያልተጠረገ ጓዳ ነው። እኛ ገመና የምንለውን ነገር አያቶቻችን በከንቱ አልጠበቁትም። ሰው ለማን በሩን እንደሚከፍት ራሱ ይመርጣል።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አደባባይ ላይ እንዳይወጣ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቲክቶክ ሊፈጠር ይቅርና ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ሕዝብ በተሰበሰበበት በአደባባይ የተደረገ ዝግጅት፣ ወይም ሰውየው የታወቀ ባለሥልጣን ሲሆን። ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ ወይም የዒድ ሶላትን ከሩቅ ስትቀርጹ እያንዳንዱን ሰው ጠይቁ የሚል የለም። አንዲት ጎመን ሻጭ ፊት ላይ ግን ዙም አድርጋችሁ ቆማችሁ "ይሄ አደባባይ ነው" ማለት አያዋጣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉን ያነሳሁት ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ ጎመን ሻጯ መብት እንዳላት እንድታውቁ ነው።

መጠየቅ ቪዲዮ ያበላሻል የሚል ወሬ አለ። ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጠዋት አይቻለሁ። አንድ ልጅ ስታንዱን ዘርግቶ እህል ተራውን ይቀርጻል። አንድ ሽማግሌ ስልኩ ወደ እሳቸው ሲዞር ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ልጁ አየ፤ አላቆመም። ጋቢ የለበሰ፣ ፊቱን የሸፈነ ሽማግሌ ተቀረጸ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ልጅ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "አባባ፣ ላንሳዎት?" አለቻቸው።

"ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?"

"ጂዳ ያለች እህቴ ገበያውን አሳዪኝ ብላኝ ነው። ኋላም ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ፤ ብዙ ሰው ያየዋል።"

"የአገር ልጅ ነው የሚያየው?"

"አብዛኛው የአገር ልጅ ነው።"

"እንግዲያ ጥምጣሜን ላስተካክል" አሉ። አስተካከሉ። ከዚያ ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ድሮ ከአምባሰል በአህያ ጭነው ሲመጡ መንገድ ላይ የት እንደሚያድሩ ነገሯት። የጠየቀችው ልጅ ፊት አገኘች፣ ታሪክ አገኘች፣ ምርቃት ጨምራ ሄደች። ያልጠየቀው ጋቢ ቀረጸ።

እሺ፣ ስለ ቤተሰብ ቪዲዮ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እሱም ለቅሶ ነው።

በእኛ ባህል መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሟች ካረፈ በኋላ ሩቅ ላለ ልጅ ማን ይንገረው ተብሎ ይመከራል። እዚያው አገር ያለ ዘመድ ይፈለጋል፣ ጓደኞቿ ይሰበሰባሉ፣ እህል ውኃ እንድትቀምስ ይደረጋል፣ ብቻዋን እንዳትሆን ይጠነቀቃል፤ ከዚያ ነው የሚነገራት። አሁን ግን አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ አንድ የሰፈር ልጅ ላይቭ ይገባል። ልጅቷ የአሠሪዎቿን ዕቃ አጥባ ጨርሳ፣ ማታ ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ድንኳን ታያለች። ድንኳኑን ያወቀችው በበሩ ነው፤ የገዛ ቤቷ በር ነው። ይህ እኛ ከተማ ደርሷል፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ደርሷል። እባካችሁ፣ ከዚህ አዳራሽ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይቺን አትርሱ። ለቅሶ ቤት ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት "ለሁሉም ተነግሯል ወይ?" ብላችሁ የቤቱን ሰው ጠይቁ።

ለቅሶ አትቅረጹ እያልኩ አይደለም። መምጣት ላልቻለች ልጅ የአባቷን አሸኛኘት ቀርጾ ማስቀመጥ ትልቅ ውለታ ነው፤ ስትጠይቅ ይላክላታል። ለእሷና ለእህት ወንድሞቿ።

ወዳጃም፣ ሰው ተሰብስቦ ቡና እየተፈላ ዱዓ የሚደረግበት ሥርዓታችን፣ እንዲሁ ነው። አንዳንድ ልጆች ወዳጃን "የወሎ ባህል" ብለው ይቀርጻሉ፣ ያምራልም። ግን ወዳጃ ላይ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ጭንቀቱን ነው ይዞ የሚመጣው። ልጅ አልወለድኩም የምትል አለች፣ ባሕር የተሻገረ ልጄ ድምፁ ጠፋ የሚል አለ፣ ሕመሙን የሚናገር አለ። ያን የተናገረው ለጀመዓው ነው። ቡናውን ቅረጹ፣ ጭሱን ቅረጹ፣ መንዙማውን ሸኹ ከፈቀዱ ቅረጹ፤ የሰው ጭንቀት የሚነገርበት ሰዓት ላይ ስልኩ ኪስ ይግባ።

ልጆች ላይ አጭር ልሁን። ሕፃን ፈቃድ መስጠት አይችልም፤ ወላጅ ነው የሚሰጥለት፤ ያ ልጅ ግን ነገ ሆጤ ሜዳ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ ይሆናል። ሲታጠብ፣ ሲገረፍ፣ አልጋ ላይ ሲሸና የተቀረጸውን እኩዮቹ ያወጡበታል። ቲክቶክ ራሱ በደንቡ አካውንት የሚፈቅደው ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው። ዩቲዩብ በፈረንጆቹ 2019 ትንንሽ ልጆች የሚታዩባቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ላይ ኮሜንት እንዲዘጋ ያደረገው ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች እዚያ ሲሰባሰቡ ስለተገኘ ነው። የልጃችሁን ፊት፣ የዩኒፎርሙን ቀለምና የሚሄድበትን ሰዓት አንድ ላይ ለማያውቁት ሰው አትስጡ።

አሁን ደግሞ ደግ ሐሳብ ይዞ ስለሚቀርጸው ልናገር። ከ1977 ጋር የሚያያዘው ይህ ነው። ውጭ ያለ ወገን ገንዘብ ይልካል፤ እዚህ ያለ ወጣት አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት ገዝቶ ለአንዲት አቅመ ደካማ ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ ጀዛ፣ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ከዚያ ካሜራው ይበራል። ሴትየዋ ዘይቱን እንደያዙ እንዲቆሙ ይደረጋል፤ እንዲያመሰግኑ ይነገራቸዋል፤ ሲያለቅሱ ይቀረባል፤ የሚያሳዝን ሙዚቃ ይገባል። እኚህ ሴት በሠፈሩ ልጅ ያሳደጉ፣ ሠርግ የደገሱ፣ ሰው ያስታረቁ ናቸው። ዛሬ ስለቸገራቸው አገር ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያ ዘይት ነው። "ፈቅደዋል" ይባላል። ዘይቱ በእጅህ እያለ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

ገንዘብ የላከው ሰው ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ መብቱ ነው። ደረሰኙን ላኩለት። ዕቃው ሲወርድ ቅረጹ። እጃቸውን ቅረጹ፣ ከጀርባ ቅረጹ። ከፈለጉ በራሳቸው ድምፅ ምርቃት ይቅረጹና ለላኪው ብቻ ይላክ። የወሎ ምርቃት ያለ ፊት ሙሉ ነው፤ ድምፁ ብቻ ሰው ያስለቅሳል።

ስለ ጥንቃቄ ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። አዲስ ቤት ሠርታችሁ ስታሳዩ ማን ገንዘብ እንደሚልክ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን አብራችሁ አትናገሩ። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል፤ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽኑን አጥፉት። ጉዞ ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ስትመለሱ ልቀቁ። ደግሞ "ዓረብ አገር ሄዳ ይሄን ሠራች" የሚል ቪዲዮ ስታዘጋጁ፣ ያቺ ልጅ ስንት ዓመት ሳትተኛ እንደሠራች አብራችሁ ንገሩ። ደላላው ለሌላዋ ልጅ የሚያሳያት ያንኑ ቪዲዮ ነው። አንዴ የተለቀቀውን መልሳችሁ አታገኙትም፤ ብታጠፉት ሌላው አውርዶታል። አባቶች ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ አቀራረጹ ላይ።

ድምፁን አታጥፉት። ይህን በጣም ነው የምለምናችሁ። የደሴን ጠዋት ቀርጻችሁ ከላይ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን የቲክቶክ ዘፈን ስትጭኑበት ከተማዋ ትጠፋለች። አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚሰማባት ከተማ ናት። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" ሲል ያ ጩኸት ራሱ ለሩቅ ሰው ዘፈን ነው። ቦታ ስትቀርጹ ስልኩን አግድም ያዙ፤ አንድ ነገር ላይ ቆማችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ወዲያ ወዲህ አታወናጭፉት።

መጀመሪያ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑንና ቦታውን ተናገሩ። "ዛሬ እንዲህ ቀን ነው፣ ያለሁት አረብ ገንዳ ነው" በሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከምስሉ እኩል ትፈለጋለች። ታሪክ ስትናገሩ ደግሞ ያረጋገጣችሁትን ብቻ። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤው የተደረገው በ1870 ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ከዚህ አልፎ ኮሜንት ላይ ያያችሁትን ሁሉ እንደ ታሪክ አትድገሙ። ጥርጥር ካላችሁ የሠፈሩን ሽማግሌ አቅርባችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የሳቸው ሆኖ ይቀረጽ።

ኦርጂናሉን አስቀምጡ። ቲክቶክ ላይ ያለው አጭሩና ጥራቱ የወረደው ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ካልላካችሁት ያሳንሰዋል። ፍላሽ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል ሁለት ሰው ቤት ይቀመጥ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ በፊት ሙዚየሙን ጎብኝቶ በስልኩ ያነሳ ሰው ካለ፣ ያ ምስል ዛሬ ለከተማው መረጃ ነው። እባካችሁ ቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶና ቪዲዮ ፈልጉ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሩቅ ያለው ሰው እየደጋገመ ሲያይ የከረመው ቀድሞ የተላከለትን ነው። ስለዚህ ለመልቀቅ ብቻ አትቅረጹ፤ ለማስቀመጥም ቅረጹ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንድ ወጣት እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ እኔ ከዚህ እንጀራ ለማግኘት ነው የምሞክረው። ሁሉን ሰው ፈቃድ ከጠየቅሁ፣ ፊቱንም ከሸፈንኩ፣ ቪው ከየት ይመጣል?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከቪዲዮ እንጀራ መብላት ነውር የለውም፤ እኔም የበላሁት ከሱ ነው። ሠርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማነጋግረው የሙሽራዋን እናት ነበር። "እማማ፣ እንዳይቀረጽ የሚፈልጉት ነገር አለ?" እላቸዋለሁ። አንዷ ክፍል ይነግሩኛል፣ አንድ ሰው ይነግሩኛል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ይከፈትልኛል። ያቺ እናት ናቸው ቀጣዩን ሠርግ የሚያመጡልኝ። አንተም ዛሬ ደብቀህ ከቀረጽከው አንድ ሰው ይልቅ፣ ጠይቀኸው ነገ በስምህ ጠርቶ ቤቱ የሚያስገባህ ሰው ይበልጥብሃል። ገንዘብ ስታገኝ ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ ላሉት አካፍላቸው። ለአያትህ ቡናና ስኳር ይዘህ ሂድ፣ ከየት እንደመጣም ንገራቸው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አያቷ መንዙማ ያውቃሉ፣ የድሮ ነገር ያውቃሉ፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። "ልቅረጽዎት ስላቸው 'ፊቴ ሰው ፊት አይወጣም' ይላሉ። ካልቀረጽኳቸው ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። ምን ላድርግ?"

ፊታቸውን ነው የከለከሉሽ፤ ድምፃቸውን ከልክለውሻል ወይ አልኳት። አልጠየቅኳቸውም አለች። እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያቸው። ስልኩን ከጎናቸው ገበታ ላይ አስቀምጪው፣ ምስል የለውም ብለሽ ስክሪኑን አሳዪያቸው። መጀመሪያ የልጅነታቸውን ገበያ ጠይቂ፣ መንዙማው ራሱ ይከተላል። ሲጨርሱ መልሰሽ አሰሚያቸው፤ የሚወጣና የማይወጣውን እሳቸው ይለዩ። ምንም አይወጣም ካሉ ለቤተሰቡ አስቀምጪው፤ ቀኑንና ስማቸውን መጀመሪያው ላይ ተናግረሽ። የቀረጻ ጥራቱን የማሻሻያው አፕ ከጠፋሽ እዚህ ከመሄድሽ በፊት ስልክሽን ስጪኝ፣ እጭንልሻለሁ።